የአራት ዓመት ልጅ ስንት ትምህርት ቤት ይግባ?

የመስከረም ወር ሲጠባ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በየጧቱ የሚታይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ይኸውም ገና አራት ዓመት የሞላቸው ሕፃናት አዲሱን የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ የሚመስል ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው፣ የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው፣ አንዳንዱ እየሳቀ አንዳንዱም እያለቀሰ ወደ አፀደ ሕፃናት ሲያመሩ ማየት ነው። እናት የልጇን ፀጉር ጎንጉና፣ አባትም የጫማዋን ክር አስሮ እስከ በሩ ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ ልባቸው በኩራትና በሥጋት መካከል እንደሚዋልል ፊታቸው ይናገራል።

ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከዚህ ጋር ተያይዞ የመጣ ሌላ ልማድ አለ። ልጁ አፀደ ሕፃናት በገባበት ወር፣ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ሳምንት፣ ወላጆቹ ለሌላ ትምህርት ያስመዘግቡታል። ሰኞና ረቡዕ ቴኳንዶ፣ ማክሰኞ እንግሊዝኛ፣ ሐሙስ አባከስ የሚባለው የስሌት ትምህርት፣ ቅዳሜ ዋና ወይም ፒያኖ ይሆናል። በዚህም ላይ ማታ ማታ ቤት ድረስ የሚመጣ አስጠኚ ይጨመርበታል። ወላጆቹ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ልጃቸውን ስለሚወዱ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከአነስተኛ ደመወዛቸው ቀንሰው የሚከፍሉትም ለዚሁ ሲሉ ነው። ነገር ግን ከፍቅሩ ጎን አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባል። አንድ ሕፃን አፀደ ሕፃናት በሚጀምርበት ዓመት ከዚያ ሌላ ምን ያህል ሊሸከም ይችላል?

አዲሱ ሠራተኛ

አፀደ ሕፃናት መግባት ለትልቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ልጁ ይጫወታል፣ ይዘምራል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል፤ ታዲያ ምኑ ያደክመዋል? ብለው የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። የነገሩን ክብደት ለመረዳት ግን ከራስ መጀመር ይሻላል። ውድ አንባቢያን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥራችሁ የገባችሁበትን ወር እስቲ አስታውሱ። መዝገብ ቤቱ በየትኛው ፎቅ እንደሆነ፣ ማንን አንተ ማንን እርስዎ እንደምትሉ፣ ሻይ የሚጠጣው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ አለቃ የሚቆጣው በምን ነገር እንደሆነ ገና አታውቁም ነበር። ይህ ነው የሚባል ከባድ ሥራ ሳትሠሩ ማታ ቤታችሁ ስትደርሱ ሰውነታችሁ እንደ ቀን ሠራተኛ ዝሎ ይገኝ ነበር። ያደከማችሁ እንግድነቱ ነበር።

የአራት ዓመቱ ሕፃንም እንደዚሁ አዲስ ሠራተኛ ነው። ከእናቱ ተለይቶ መዋልን፣ በብዙ ልጆች መካከል ተራውን መጠበቅን፣ ሽንት ቤት መሄድ ሲያስፈልገው የማያውቀውን ሰው መጠየቅን፣ የምሳ ዕቃውን ራሱ ከፍቶ መብላትን፣ ሌላው ልጅ እርሳሱን ሲወስድበት ሳይማታ መናገርን ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መማር አለበት። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶችም ይህን የሚማረው በቤቱ በማይነገር ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለአራት ዓመት ሰው ሙሉ ሥራ ነው። ከሥራው ሲመለስ ሌላ ሥራ የሚጠብቀው ከሆነ፣ ሁለት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ስሙ የሚነግረን ነገር

አፀደ ሕፃናት የሚለው ስማችን ከዓላማው ጋር የሚስማማ ስም ነው። አፀድ ማለት ተክል የሚተከልበት፣ የታጠረና የሚጠበቅ ቦታ ነው። ይህም ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮብል ካወጣው ስም ጋር አንድ ነው። በ1782 የተወለደው ፍሮብል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ባድ ብላንክንቡርግ በተባለች ትንሽ ከተማ ለሕፃናት ማስተማሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ ኪንደርጋርተን፣ ማለትም የሕፃናት የአትክልት ቦታ፣ የሚል ስም ሰጠው። በዚያ ለሕፃናቱ የሚሰጣቸው መሣሪያ ኳስ፣ ከእንጨት የተሠሩ ኪዩቦችና ሲሊንደሮች ነበሩ። እያንዳንዱ ልጅም የራሱ የሆነች ትንሽ መደብ ነበረችው፤ ዘር ይዘራባታል፣ ውሃ ያጠጣታል፣ እስክትበቅልም ይጠብቃል። ፍሮብል ጨዋታን የሕፃን ዋና ሥራ አድርጎ ይመለከተው ስለ ነበር፣ ከጨዋታው ሌላ ትምህርት ለመፈለግ አልቸኮለም።

ይህ አሳብ ሳይፈተን አላለፈም። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 አፀደ ሕፃናትን ሃይማኖትን የሚያናጋ አድርጎ በመቁጠር ከለከለ። ክልከላው የተነሣው በ1860 ሲሆን፣ ፍሮብል ግን በ1852 ስለ ሞተ ያን ቀን ለማየት አልበቃም። ከእርሱ በኋላ የመጣችው ጣሊያናዊት ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪም በ1907 በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድኾች ሰፈር፣ የሕፃናት ቤት ከፈተች። እርሷ ካስተዋለችው ነገር ዋናው፣ ሕፃን በሚወደው ሥራ ላይ ማንም ሳያቋርጠው ሲቆይ ትልቅ ሰው የማይጠብቅበትን ያህል አሳቡን ሰብስቦ እንደሚሠራ ነው። ስለዚህ በሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች ልጁ ሳይቋረጥ የሚሠራበት ረጅም ጊዜ መስጠት የተለመደ ነው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል፣ ከአንዱ አሠልጣኝ ወደ ሌላው አሠልጣኝ ሲሮጥ የሚውል ልጅ ይህን ረጅም ጊዜ ከየት ያገኛል?

በአገራችንም በመንግሥት ሰነዶች የተጻፈው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አፀደ ሕፃናት ልጁ ለመደበኛው ትምህርት እንዲዘጋጅ በሁለንተናዊ ዕድገቱ ላይ እንዲያተኩር አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት መመሪያም ትምህርትን፣ ጤናንና የቤተሰብን እንክብካቤ አጣምሮ የሚመለከት ነው። ኢትዮጵያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጹ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይናገራል። ዕረፍት ከመብት ተቆጥሮ መጻፉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የቀድሞውስ ልጅ?

አንዳንድ ሰዎች «የቀድሞ ልጆች በአራትና በአምስት ዓመታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ይቆጥሩ አልነበረም ወይ? ማን ደከማቸው?» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ መልስ የሚገባው ነው። ልጁ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በደጀ ሰላም ተቀምጦ ፊደል ይቆጥር፣ አቡጊዳውን ይልና ወደ ንባብ ይሻገር፣ ቀስ እያለም ዳዊት ይደግም እንደ ነበር የታወቀ ነው። ተግሣጹም ጠንካራ ነበር፤ ሁሉም መልካም ነበር ብሎ መናገር አይቻልም።

ነገር ግን ያ ልጅ ሌላ ነገር ነበረው። የፊደል ገበታውን አስቀምጦ ሲወጣ ሜዳው የእርሱ ነበር። ጥጃ ሲጠብቅ ይሮጣል፤ ከእኩዮቹ ጋር አኩኩሉ ይጫወታል፤ ልጃገረዶቹ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ፤ ጠጠር ለቅመው ቅልብልቦሽ ይጥላሉ፤ መሬቱን ጭረው ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ። ማንም አሠልጣኝ አልተቀጠረላቸውም፤ የምስክር ወረቀትም አልተሰጣቸውም። ይሁንና በቅልብልቦሽ መቁጠርን፣ በዕቃ ዕቃ መነጋገርን፣ በአኩኩሉ መታገሥን ተምረዋል። ከሰዓቱ አንዱ ክፍል የትምህርት፣ ሌላው ክፍል የራሱ የልጁ ነበር። ዛሬ የሚጠፋው ይህ የልጁ የራሱ ክፍል ነው።

የሰዓቱ ሒሳብ

እስቲ የአንድን ሕፃን ቀን እንደ ሒሳብ መዝገብ ከፍተን እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው 3 እና 4 ዓመት የሆኑ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀኑ እንቅልፍ ጭምር ተቆጥሮ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ያህል ሊተኙ ይገባል። ቢያንስ 180 ደቂቃም በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ሊያሳልፉ፣ ከዚህም ውስጥ 60 ደቂቃው እንደ ሩጫና ዝላይ ጠንከር ያለ ሊሆን ይገባል። በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት ተቀምጠው የሚቆዩበት ጊዜ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባያገኘው ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። ከ1 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ታስረው እንዳይቀመጡም ያሳስባል። በመኪና መጨናነቅ ውስጥ በሰርቪስ መኪና ተቀምጠው ለሚመላለሱ ልጆች ይህ የመጨረሻው ምክር ትልቅ ቁም ነገር አለው።

አሁን መዝገቡን እንሙላ። ልጅቱ ከምሽቱ 1፡30 ተኝታ ከጧቱ 12፡30 ትነሣለች እንበል፤ 11 ሰዓት ሆነ። ለመታጠብ፣ ለመልበስና ለቁርስ 45 ደቂቃ፣ ለመንገድ 45 ደቂቃ ይሄዳል። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በአፀደ ሕፃናት ትውላለች፤ 7 ሰዓት ነው። ለመመለሻ ሌላ 45 ደቂቃ ሲታሰብ ቤቷ የምትደርሰው 9፡45 ላይ ነው። ከዚያ እስከ መኝታዋ የሚቀራት 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ ልብስ ለመለወጥና ለመክሰስ ሩብ ሰዓት፣ ለራትና ለመታጠብ 1 ሰዓት፣ ለቤት ሥራ ግማሽ ሰዓት ሲቀነስ በእጇ የሚቀረው 2 ሰዓት ብቻ ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዓቶች ለመሮጥ፣ ለመጫወት፣ ከወንድሟ ጋር ለመጣላትና ለመታረቅ፣ ለእናትና ለአባቷ የዋለችበትን ለመንገር የተረፉ ናቸው። አሁን አንድ የ1 ሰዓት ትምህርት እንጨምርና ለመሄጃና ለመመለሻ 45 ደቂቃ እናስብ። ከሁለቱ ሰዓቶች የሚተርፈው 15 ደቂቃ ነው። ሁለተኛ ትምህርት የተጨመረ እንደሆነ ከእንቅልፏ ይቆረጣል። ወላጆቿም የመንግሥት ሠራተኞች ከሆኑ ከቢሮ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ 11፡30 ነው፤ አውቶቡስ ተሰልፈው ቤት ሲደርሱ ከምሽቱ 12፡30 ወይም 1 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በሥራ ቀን ልጅና ወላጅ ነቅተው የሚተያዩበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ይህችን አንዲት ሰዓት ለአስጠኚ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ ወላጅ ራሱ ይፍረደው።

በቡና ላይ የተነሣ ክርክር

በምኖርበት ሰፈር የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት አሉ። ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ልጃቸው አፀደ ሕፃናት በገባችበት መስከረም ለእንግሊዝኛ፣ ለአባከስና ለዋና አስመዘገቧት። በጥቅምት ነገሩ ሁሉ ያማረ ይመስል ነበር። ኅዳር ሲጋመስ ግን ልጅቱ በጧት ጫማዋን አላደርግም ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ ከተወች አንድ ዓመት ያለፋትን አልጋ ማርጠብ መለሰችው፤ ማታም ጉርሻው በአፏ እንዳለ ታንቀላፋ ጀመር። ከአፀደ ሕፃናቱም መምህርቷ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ እንደምትተኛ ነገረቻቸው።

በዚያ ሰሞን የሚስቲቱ እናት ከአገር ቤት መጥተው ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ እኛ ጎረቤቶች ተሰብስበን ሳለን አሮጊቷ የልጅቱን ነገር አነሡ።

«እናንተ ልጆች፣ ይህችን ጨቅላ ለየትኛው ጦርነት ነው የምታሰናዷት?» አሉ።

አባትየው ሳቅ ብሎ «እማማ፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል። ዛሬ ልጅ ቋንቋውንና ስሌቱን በጊዜ ካልያዘ ኋላ ይቀራል። እርስዎ ደግሞ እንደ ድሮው ያስባሉ» አላቸው።

«ዘመኑስ ይለወጥ፤ የልጅ ዐይን እንቅልፍ መፈለጉም አብሮ ተለወጠ ወይ?» ሲሉ መለሱለት።

ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ሲኒውን አስቀመጠና ቀስ ብሎ ተናገረ። «እማማ፣ እኔ በኩራዝ ያነበብሁ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያው ቀን መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር አንድም ነገር አልገባኝም። ጓደኞቼ ሲስቁ አብሬ እስቅ ነበር፤ የሚሳቀው በምን እንደሆነ ሳላውቅ። ልጄ ያን ቀን እንድታይ አልፈልግም» አለ።

ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። በዚያ ከተቀመጥነው ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ሰው ጥቂት ነበርና የሚመልስ ጠፋ። አሮጊቷ ግን ረከቦቱን እያስተካከሉ «ልክ ነህ ልጄ፤ የተቃጠለ ያውቃል። እንዲያ ከሆነ ቋንቋውን አንተው አስተምራት እንጂ። ለሰው ከምትሰጣት ካንተ አፍ ትስማው። ያን ጊዜ ቋንቋውንም አባቷንም ታገኛለች» አሉት።

ሚስቱም «እውነትሽን ነው እማዬ፤ ማታ ማታ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ቢያነብላት እኮ ይበቃታል» ስትል ደገፈቻቸው። ክርክሩ በዚያው ቀን አላለቀም፤ ባልና ሚስት ለብቻቸውም ተነጋግረውበታል። በመጨረሻ እንግሊዝኛውና አባከሱ ቀርተው የቅዳሜው ዋና ብቻ ተረፈ። የልጅቱ ልቅሶ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ገና ከመጥፋቱ በፊት ብዙ ጧቶች አለፉ። አባትየው ግን ከቢሮ ሲመለስ በሩ ላይ መጽሐፍ ይዛ የምትጠብቀው ሰው አግኝቷል።

ሌላው ወገን

ይህን ሁሉ ስል የትርፍ ሰዓት ትምህርት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ዋና የሚችል ልጅ አንድ ቀን ነፍሱን ሊያድንበት ይችላል። ቴኳንዶ ሰውነትን ያጠነክራል፤ ሙዚቃ ጆሮን ያሠለጥናል፤ ክራር የሚመታ ልጅ የአገሩን ድምፅ ይዞ ያድጋል። ዐይን አፋር የነበረ ልጅ በእንዲህ ያለ ቦታ ጓደኛ ሲያገኝ ማየትም የተለመደ ነው።

ከዚህም በላይ በከተማችን የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የሚያስገድደው ነገር አለ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በአንድ መኝታ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ግቢ የሚባል ነገር የለም፤ ከሕንፃው ሥር ያለው ሜዳም የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ለእንዲህ ያለው ልጅ የቴኳንዶው አዳራሽ የሚሮጥበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። አባትና እናት ሁለቱም እስከ ምሽት የሚሠሩ ሲሆን ደግሞ ልጁን የሚጠብቅ ሰው ስለማይገኝ ትምህርቱ የማቆያ ቦታ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ነገሩን በስሙ ጠርቶ እንደ ማቆያ መምረጥ ይበጃል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ምስክር ወረቀቱ አይሆንም፤ ልጁ የሚጋደምበት ፍራሽ አለ ወይ? የሚንከባከበው ሰው ገር ነው ወይ? መክሰሱንስ ተረጋግቶ ይበላል ወይ? የሚለው ይሆናል።

ምን ይደረግ?

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። ከዚህ ብሂል ተነሥቼ ለወላጆችና ነገ ወላጅ ለሚሆኑ ወጣቶች የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ልጁ አፀደ ሕፃናት በጀመረበት በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ማለትም ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ፣ ምንም ሌላ ትምህርት አይጨመር። አዲሱ ሥራ ይበቃዋል። ከዚያ በፊት የጀመረውና የሚወደው ነገር ካለ ግን እርሱን ማስተዉ ሌላ ኀዘን ይጨምርበታልና ቀለል ተደርጎ ይቀጥል።

ሁለተኛ፣ በጥር ወር ልጁ ጧት ሳያለቅስ የሚሄድ፣ ማታ ደህና የሚበላና የሚተኛ ሆኖ ከተገኘ አንድ ነገር ይመረጥለት። አንድ ብቻ። የሚመረጠውም ቀኑን ሙሉ ከሚሠራው የተለየ ይሁን። ተቀምጦ ፊደል ሲጽፍ ለዋለ ልጅ ሌላ ጠረጴዛ ከመስጠት ሩጫ ወይም ውሃ መስጠት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቀኑ ቅዳሜ ጧት፣ ቦታውም በእግር የሚደረስበት ቢሆን መልካም ነው። በጣም የታወቀ አሠልጣኝ ጋ ለመድረስ በታክሲ አንድ ሰዓት ከመጓዝ፣ በሰፈር ያለ ደህና አሠልጣኝ ጋ በአሥር ደቂቃ መድረስ ይበልጣል። አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው።

አራተኛ፣ የልጁን ሰውነት እንደ ደብዳቤ ማንበብ ያስፈልጋል። የአራት ዓመት ልጅ «ደክሞኛል» ብሎ ማመልከቻ አያስገባም። በሆዱ ቁርጠት፣ በልቅሶው፣ በቁጣው፣ በአልጋው መርጠብ፣ ይወደው የነበረውን ጨዋታ በመተው ይናገራል። እንዲህ ያለው ምልክት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ መጀመሪያ የሚቀነሰው የተጨመረው ነገር ነው። ምልክቱ ከዚያም በኋላ ካልጠፋ ሐኪም ማማከር ይገባል።

አምስተኛ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ከሰዓት በኋላ ምንም ያልታቀደበት ይሁን። ልጁ «ምን ልሥራ?» ብሎ ሲጠይቅ ቴሌቪዥን ለመክፈት አትቸኩሉ። ጥቂት ቆይቶ ከባዶ ካርቶን መኪና ሲሠራ ታገኙታላችሁ።

ለአስጠኚዎች አንድ ቃል

ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ተማሪዎች ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን በማስጠናት ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ የሚያገኙ ጥቂቶች አይደሉም። ሥራው የተከበረ ነው። ነገር ግን የምታስጠኗት ልጅ አራት ዓመቷ ከሆነ፣ የተከፈለላችሁን ሰዓት በሙሉ ደብተር ላይ እንድታሳልፍ አታስገድዷት። አሥራ አምስት ደቂቃ ፊደል ከጻፈች በኋላ ባቄላ እያስቆጠራችሁ፣ ተረት እየነገራችሁ፣ ቅልብልቦሽ እያስተማራችሁ ብትቆዩ ደመወዛችሁን በሐቅ በላችሁ ማለት ነው። ወላጆቿም «ዛሬ ምን ጻፈች?» ብለው ሲጠይቁ የተማረችውን በግልጽ ማስረዳት ከእናንተ ይጠበቃል። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት የሆናችሁም ከፈተና ጥናታችሁ መካከል ግማሽ ሰዓት ወስዳችሁ ከታናሻችሁ ጋር አኩኩሉ ብትጫወቱ ለልጁም ለራሳችሁም ዕረፍት ነው።

እኔ የማስተምረው ሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ ልጆቹ የሚደርሱኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በክፍሌ ከተቀመጡት ውስጥ በአራት ዓመቱ ያነብ የነበረው የትኛው እንደሆነ፣ በሰባት ዓመቱ የጀመረውም የትኛው እንደሆነ ከደብተራቸው ለይቼ ማወቅ አልችልም። ከትምህርት ጋር የተጣላውን ግን በመጀመሪያው ሳምንት አውቀዋለሁ። ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን አያወጣም፤ መጽሐፍ ሲሰጠው እንደ ዕዳ ይቀበላል፤ ደወል እስኪደወል ሰዓቱን ይቆጥራል። የጎደለውን ስሌትና የጎደለውን ቋንቋ በትዕግሥት መሙላት ይቻላል፤ ከዚህ ቀደምም ብዙ ጊዜ ተሞልቷል። የጠፋ ፍላጎትን ለመመለስ ግን መምህር ሁሉ ይቸገራል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአራት ዓመት የተቸኮለበትን በአሥራ አራት ዓመት ተጎንብሶ መልቀም እንዳይመጣ አሁኑኑ ማሰብ ይገባል። በመጪው መስከረም ልጅ የምታስመዘግቡ ሁሉ፣ የክፍያውን ደረሰኝ ከመቀበላችሁ በፊት የልጁን ሃያ አራት ሰዓት በወረቀት ላይ ጻፉና ደምሩት፤ ለጨዋታና ለእንቅልፍ የሚበቃ ካልተረፈ ገንዘቡን ወደ ኪሳችሁ መልሱት።